የሰኞ ጸሎት መሪ

«የኋላ እግሩን ጠበቅ አድርገው!» አሉ አቶ ደበሌ።

ተከራያቸው መምህር አስረስ በጉን አጥብቆ ያዘ። ቢላውን ከቤታቸው ይዘው የመጡት ጎረቤት፣ ነጋዴው ሙሀመድሰይድ፣ የበጉን አንገት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዙረው «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብለው አረዱ።

ጊዜው የ1964 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ነው። አቶ ደበሌ ለቤታቸው ሰንጋ ጥለዋል፤ ለሙስሊም ጎረቤታቸው ግን እንደ ወትሮው በግ ከነነፍሱ አቆይተዋል። ቡታጅራ ላይ ጉርብትና እንዲህ ነው፤ ግቢው አንድ፣ ቢላው ሁለት። ከጎጃም ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ የሆነው አስረስ ነገሩ ደስ ይለዋል።

«መምህር» አሉ ሙሀመድሰይድ ቆዳውን እየገፈፉ፣ «ነገ ባንዲራ የምትሰቅለው ልጄ ዘይባ ናት አሉኝ።»

«አዎ፤ አንደኛ ወጥታ የለም እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ። ‹አባታችን ሆይ›ንም የምትመራው እሷ ናት አሉኝ።»

አስረስ የያዘውን እግር ለቀቀ። እውነት ነው፤ ሰኞ ባንዲራ የሚሰቅለው አንደኛ የወጣ ተማሪ ነው፣ ጸሎቱንም እሱው ይመራል። ተረኞቹን የመዘገበው ራሱ አስረስ ነበር። ሲመዘግብ ግን ዓይኑ በመስኮት አልፎ ዘቢዳር ተራራ ጉም ውስጥ ገብቶ ቀርቶ፣ ዘይባ ሙስሊም መሆኗን ሳያስብ አልፏል። ድሮም እናቱ «ይሄ ልጅ በቁሙ ያልማል» ይሉት ነበር።

«ወላሂ ጸሎታችሁን ንቄ አይደለም» አሉ ሙሀመድሰይድ። «የማታምንበትን ቃል ግን በልጄ አፍ አላስገባም። ግድ ነው ካላችሁ ነገውኑ ከትምህርት ቤት አስወጣታለሁ። ሱቅ ትቀመጥ።»

አስረስ የሂሳቡን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን የምትደርስበት ልጅ ጨርቅ እየለካች ልትኖር ነው፤ ያውም በእሱ ስህተት። እጁን ታጥቦ በቀጥታ ርእሰ መምህሩ አቶ ሀብተወልድ ቤት ሄደ።

«እሷ ካልመራች ሁለተኛው ይተካት» አሉ አቶ ሀብተወልድ።

«አንደኛነቷንስ ምን ልናደርገው ነው?»

«አንተ ደግሞ የቄስ ልጅ ሆነህ! ደንብ ነው በቃ።»

ሰኞ ጠዋት ቡታጅራን ጉም ዋጣት። የተሰለፉት ተማሪዎች እግራቸው አይታይም፤ ጭንቅላታቸው ብቻ ነጭ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ዘይባ ገመዱን ሳበች። ባንዲራው ወጣ፣ ወጣና ከላይ ባረበበው ጉም ውስጥ ጠፋ። ጫፍ መድረሱን ያወቀችው ገመዱ አልሳብ ሲላት ነው። መዝሙሩ ተዘመረ። የቀረው ጸሎቱ ነው።

ዘይባ ዞር ብላ አስረስን አየችው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አባቷ ቆመዋል። አቶ ሀብተወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሁለተኛ የወጣውን ልጅ በእጃቸው ጠሩት።

አስረስ ቀድሞት ወደፊት ወጣ። የአቶ ደበሌ ግቢና ሁለቱ ቢላ በዓይኑ ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ሁላችንም በየሃይማኖታችን፣ ድምፅ ሳናሰማ እንጸልይ» አለ።

ሦስት መቶ ልጅ አንገቱን ደፋ። ከባሕር ዛፉ ቅጠል ጠል ሲንጠባጠብ ይሰማል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ውሃ ሲጠጣው የኖረው «አባታችን ሆይ» ያን ቀን ለአስረስ አዲስ ሆነበት፤ እያንዳንዱን ቃል ቆም እያለ አሰበው። ቀና ሲል ዘይባ መዳፎቿን ዘርግታለች። አባቷም በሩ ላይ ዘርግተዋል። ሲጨርሱ ፊታቸውን ዳበስ አድርገው ልጃቸውን ሳይጠሩ ብቻቸውን ወደ ገበያ ሄዱ።

አስረስ ወዲያው ቢሮ ተጠራ። አቶ ሀብተወልድ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጠው መዝገቡን ገልጠዋል።

«‹ጸሎቱን የመራው› ይላል እዚህ ጋ» አሉ በንዴት። «ባዶ ልተወውና አውራጃው ይጠይቀኝ? ወይስ ዘይባ አልታዘዝም አለች ብዬ ልጻፍ? አውራጃው ቢያጣራ የሚባረረው እዚህ ስሙ የተጻፈው እንደሆነ ታውቃለህ።»

በመስኮቱ በኩል ጉሙ እየተገፈፈ ዘቢዳር ብቅ ማለት ጀምሯል። አስረስ አላየውም። ብዕሩን ከጠረጴዛው አነሳና በባዶው ቦታ ስሙን ከነአባቱ ስም ጻፈ።