የወንድም ሻርፕ

ወንድሜ ኬሱራም ቁጣ አያውቅም፤ ሰውን የሚያቃጥለው በፈገግታው ነው። የአባታችን ሐዘን ባበቃበት ዕለት የአባወራነቱን ጥምጥም አስጠመጠመና፣ እንግዳው ገና ሳይበተን ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ነገ መሬት ቢሮ ደረስ ብለን እንምጣ። አንዲት ፊርማ ናት።»

ፊርማዋን አውቃታለሁ። ሕጉ ለሂንዱ ሴት ልጅም ከወንዱ እኩል ያወርሳል፤ በእኛ በራጃስታን ግን እህት ድርሻዋን ለወንድሟ ትለቃለች። የለቀቀችው ጥሩ እህት ተብላ ጣፋጭ ይበላላታል። ያለቀቀችው የአባቷ ቤት ደጅ ይዘጋባታል።

ባሌ የድንጋይ ካባው አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ከተኛ ወዲህ፣ ልጄን ሊችማን ያሳደግኳት የሰው እርሻ ላይ ከሙን እየነቀልኩ ነው። የአባቴ እርሻ የጉድጓድ ውሃ አለው። ግማሹ የእኔ ነው።

«አልፈርምም» አልኩት።

«ሕግ ተማርሽ እንዴ? ማነው የመከረሽ?»

«ሆዴ ነዋ።»

«እሺ። ሊችማን ስትድሪ ሻርፕ የሚያለብስሽን ወንድም ፍርድ ቤት ይስጥሽ።»

ደሜ ፈላ። ጀርባዬ ላይ እየሸና ያደገ ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ። እሱ እንዲማር ከብት የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ዛቻው ግን ገባኝ፤ በልጇ ሰርግ ወንድሟ ስጦታ ይዞ መጥቶ ቀይ ሻርፕ ያላከናነባት እናት በአማቾቿ ፊት መሳቂያ ናት።

ሰርጉ ሲቃረብ እንደ ደንቡ የሸንኮራ ስኳር ይዤ ልጠራው ሄድኩ። ሚስቱ ስኳሩን ተቀብላ፣ ግቢ እንኳ ሳትለኝ በሩን ዘጋችው።

የሰርጉ ለት ደጃፌ ላይ ዝቅ ያለች የእንጨት መቆሚያ አኑረው አቆሙኝ። ሴቶቹ የወንድምን ዘፈን እየዘፈኑ መንገዱን ያያሉ። የባሌ እናት «መሬቱን ትከናነብ እንግዲህ!» ስትል ሰማኋት። ይሄኔ ከበሮ ተሰማ።

ኬሱራም መጣ። ስጦታው በትሪ፣ ሻርፑ በክንዱ ላይ። ልቤ ቀለጠ፤ እንባዬ መጣ። እንደ ወጉ ግንባሩን ቀይ ዱቄት ልቀባው እጄን ሳነሳ ጠጋ አለኝና ከሻርፑ እጥፋት ውስጥ ወረቀትና የአሻራ ቀለም አወጣ።

«አውራ ጣትሽን ብቻ፣ እትዬ። ከዚያ አለብስሻለሁ። ቢሮውን ለእኔ ተይው።»

«እዚህ? በልጄ ሰርግ?»

«ታዲያ የት? ሰው ሁሉ እያየሽ ነው።»

ዞሬ ሊችማን አየኋት። ሂና በተቀባ እጇ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። ለእሷ ስል ልፈርም ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልፈርም ነበር።

«ፈጠን በይ እንጂ» አለኝ፤ «ክንዴ ዛለ።»

አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ። እሱ ወረቀቱን ዘረጋ። እኔ ግን ቀዩ ዱቄት የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ግንባሩ መሃል፣ ባለኝ ጉልበት ተጫንኩት።

ዘፈኑ ቆመ። ጥቁሩ አሻራዬ ከሩቅ ይታያል።

«ይኸው ፈረምኩልህ» አልኩት። «ሂድና ቢሮው ያንብብልህ።»

ከመቆሚያዋ ወርጄ በለበስኩት አሮጌ ሻርፕ ልጄን ዳርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድም የለኝም። አንዳንዴ ያስለቅሰኛል። ድርሻዬን ግን አልለቀቅኩም።