የአጥንት ኪኒን

ውሸቴን ያቀበለኝ የወንጂ ውሃ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ፣ ስኳር ፋብሪካው ሰፈር ስለሆነ ጥርሴ ቡናማ ነው። የወንጂ ልጅ መሆኔን ለማወቅ መታወቂያ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሳቅ ካልኩ በቃ። ውሃው ጥርስ አበላሽቶ ሲያበቃ ወደ አጥንት እንደሚዞር አዳማ ውስጥ የማያወራ የለም። ስለዚህ የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ኤች አይ ቪ እንዳለብኝ ተነግሮኝ መድኃኒት ስጀምር፣ ኪኒኑን የካልሲየም ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩና ለጠየቀኝ ሁሉ "የአጥንት ነው፤ የወንጂ ውሃ ጉድ ሠርቶኝ" አልኩ። ማንም አልተጠራጠረኝም።

ከሁሉ በላይ ያመነችኝ ቶይባ ናት። ግቢ ከተጋራን አስራ ሁለት ዓመታችን ነው፤ ገበያም ጎን ለጎን ሽንኩርት እንሸጣለን፤ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ባሌ ሞቷል፣ ልጅ የለኝም፣ ያለችኝ እሷ ናት። ነግሬያት ሳህኗን ብትለይብኝስ? ይህን ሳስብ አፌ ይታሰራል። እሷ ደግሞ ጆንያ ላነሳ ስል "ተይ! አጥንትሽ!" ብላ ትጮህብኝና ራሷ ትሸከመዋለች። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን "የአጥንትሽን ዋጥሽ ወይ?" ትላለች። ከነርሶቹ በላይ የምትቆጣጠረኝ እሷ ነበረች።

ትናንት ከባጃጅ ስወርድ አደናቀፈኝና በቀኝ እጄ ተደግፌ ወደቅሁ። መውደቅ እንኳ አይባልም! አንጓዬ ግን ቀጭ አለ። ቶይባ ወለንጪቲ ያለው ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩሽ ብላ ስትሟገት ጥያት ሆስፒታል ሄድኩ። ጀሶ አደረጉልኝ፣ ዛሬ ጠዋትም ተመልሼ እዚያው የኤች አይ ቪ ክሊኒክ የምትከታተለኝን ሐኪም አየኋት።

"እናቴ፣ አጥንትዎ ሳስቷል" አለችኝ።

"ውሃው ነው አይደል?"

"ውሃውም የራሱ ነገር ይኖረዋል። ግን ዕድሜም አለ፤ ቫይረሱም አጥንት ያሳሳል፤ ከሚወስዱት መድኃኒት አንዱም እንዲሁ። እሱን እንቀይርልዎ ይሆናል። እስከዚያ ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ።"

ከዚያ ምን ብታዝልኝ ጥሩ ነው? ካልሲየም! አስራ አምስት ዓመት ስዋሽ አጥንቴ ለካ ውሸቴን ይሰማ ኖሯል። ጀሶዬን ታቅፌ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቤት ስደርስ ቶይባ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሌቦች!" አለች። "አስራ አምስት ዓመት ሙሉ አጥንት እያሉ ኖራ አስዋጡሽ! ይኸው ተሰበርሽ። ሽንት ቤት ደፋሁልሽ።"

ብልቃጡን ዘቅዝቃ አሳየችኝ። የሦስት ወር መድኃኒቴ ነበር።

"አብደሻል እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ምን ያስጮህሻል? ተነሺ፣ አብሬሽ ሄጄ የሚሠራ አስቀይርልሻለሁ!"

ታደርገዋለች እኮ! ክሊኒኩ በር ላይ፣ ያ ሁሉ ወረፋ ባለበት፣ "የአጥንት መድኃኒታችሁ አይሠራም!" እያለች ስትጮህ ታየኝ። መቅረትም አልችል፤ የማታው የግድ መዋጥ አለበት። መውጫ አልነበረኝም።

"ቶይባ፣ የአጥንት አይደለም" አልኳት። "የኤች አይ ቪ ነው።"

ዝም አለች። በአስራ ሁለት ዓመት ቶይባ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። ፈራሁ። ሻርፗን አነሳች፣ ባጃጅ አስቆመች። ክሊኒኩ እስክንደርስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። ነርሷ ተቆጥታ ተቆጥታ ሌላ ኪኒን ስትሰጠኝም ቶይባ ውጪ ነበረች። ስንመለስም እንደዚያው።

እራት አቀረበች። ሽሮ ነው፤ ሳህኑ አንድ ነው። በግራ እጄ ልሞክር ስል "ተይ" አለችና ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ተርበትብቼ ጣቷን ነከስኳት።

አሁን ተነስታ ትታጠባለች፣ አለቀልኝ አልኩ።

ጣቷን አየችው። የቀረውን ሽሮ ላሰችና በዚያው እጇ ጠቅልላ ለራሷ ጎረሰች።

"ያ ረቢ!" አለች አፏ እንደሞላ። "አስራ ሁለት ዓመት! ያንን ሁሉ ጆንያ ለብቻዬ ስሸከም አጥንትሽ ደህና ነበር?"

"አሁን ግን እውነትም ሳስቷል" አልኳት፤ እንባዬ ሽሮው ላይ ይንጠባጠባል።

"አታልቅሺበት፣ ጨው በዝቶበታል" አለችኝ። አዲሱን ብልቃጥ ከቦርሳዬ አውጥታ በጥርሷ ፈልቅቃ ከፈተችው። "ዋጪ፣ ሁለት ሰዓት ሆኗል።"