ከላይኛው መደርደሪያ

በምክር አገልግሎት ቢሮው ባልደረቦቿ «ወይዘሮ አንብቡ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ በሐሜት የተጀመረ ቢሆንም እያደር እሷም ለምዳው፣ ሲጠሯት «አቤት» ትላለች። እንቅልፍ እምቢ ላለው መጽሐፍ፣ ከአለቃው ጋር ለተኳረፈው መጽሐፍ፣ ልጇ አልሰማ ላላት እናት ወፈር ያለ መጽሐፍ ታዛለች። ፋርማሲ ቢከፈትላት ሽሮፕ በገጽ ትሸጥ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደንበኛ ፊቷ ካለቀሰ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድላትም። ግን ፈሪ ናት። ይህን ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም። የሰው ጨዋታ ወደ ጨለማው ሲያዘነብል እጇ ሳታዘው ወደ መደርደሪያው ይዘረጋል፤ በሷና በሰውዬው መካከል አንድ መጽሐፍ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁለቱም ትንፋሽ ያገኛሉ።

መደርደሪያው ሁለት ደርብ ነው። የታችኛው የማንም ሰው ነው፤ ስለ ሐዘን፣ ስለ ንዴት፣ ስለ ትዳር በቀላሉ የተጻፉ መጻሕፍት አሉበት። የላይኛው የባለሙያዎቹ ነው። አዲስ አማካሪ ሲቀጠር በመጀመሪያ የሚነገረው «ከላይ ጀምር» የሚል ነው። ለደንበኛ ከላይኛው አይሰጥም፤ ደንብ ሆኖ የትም አልተጻፈም፣ እንዲያው የቤቱ ልማድ ነው።

ልማዱን ያስጣሳት የስፌት መኪና ጠጋኙ ነበር። አርባውን የተሻገረ፣ ጣቶቹ በዘይት የጠቆሩ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሥራውም ምግቡም ሕይወቱም አልጥም ያለው ሰው ነው። እናቱ ናት ጎትታ ያመጣችው። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ አንብቡ ከታችኛው መደርደሪያ አንዱን መዝዛ ስትሰጠው ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰላት።

«እትዬ፣ ይሄ ለባለ መኪናዋ የተጻፈ ነው» አላት። «ዘይት ጠብ አድርጊ፣ አቧራ ጥረጊ የሚለው ዓይነት። እኔ ጠጋኝ ነኝ፤ ለጠጋኝ የተጻፈውን ካላነበብኩ ነገሩ አይገባኝም። ከላይ ካለው ይስጡኝ።»

ሳቀች። ሐዘን የሰበረው ሰው ሲቀልድ ካየች የተቀመጠችበትን ወንበር እንኳ አንስታ ትሰጣለች። እናም ሰጠችው። አንዱን ሲያጋምስ ሁለተኛውን ጨመረችለት፤ ከዚያም ሦስተኛውን። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር የሚያወሩት ስለ መጽሐፍ ሆነ። ጥያቄው ስል ነበር፤ ስለ ሙያው ከባልደረቦቿ ይልቅ ከሱ ጋር መወያየት ጣማት። ስለ ሚስቱ የሚነሳው ወሬ ግን ቀስ በቀስ እንደ ሐምሌ ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ይል ጀመረ። ወይዘሮ አንብቡ ይህንን እንደ ጤንነት ቆጠረችው።

ዛሬ ጠዋት ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ድምፁ የጠራ ነው። መጻሕፍቱን ጠረጴዛዋ ላይ አነባብሮ አስቀመጠና «በደንብ ነው ያነበብኳቸው። ብዙ ደከሙልኝ፣ እትዬ፤ አመሰግናለሁ» አላት። በዚያ ቢሮ «መጽሐፍ የመለሰ ድኗል» የሚባል ቀልድ አለ፤ የከፋው ሰው የተዋሰውን አያስታውስማ። «በርታ እንግዲህ! ደህና ሁን!» አለችው ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። እሱ ግን በሩን ከፍቶ ትንሽ ቆመ፤ ዞሮም አያት። ከዚያ «እሺ» ብሎ ወጣ። ከጎኗ ያለው ባልደረባዋ አጨበጨበላት።

ከምሳ በኋላ ሦስት ተለማማጆች ወደ ክፍሏ ገቡ። ምን ምን ማንበብ እንዳለባቸው እንድትመክራቸው የተላኩ ናቸው። ይህን ሥራ ትወደዋለች፤ ድምጿ ራሱ ያምርላታል። ጠዋት ከተመለሱት ሦስት መጻሕፍት የላይኛውን አነሳች።

«ይቺን ሳታነቡ ሰው ፊት እንዳትቀመጡ» አለች። «በቃሌ ነው የማውቃት። ለምሳሌ፣ ለወራት ሲጨነቅ የከረመ ሰው አንድ ቀን ድንገት ረግቶ ከመጣ ቶሎ አትፈንድቁ። ጭንቀቱ የለቀቀው ውሳኔ ላይ ስለደረሰ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ሰው ከተሰናበተ፣ የተዋሰውን መመለስ ከ...»

ክርኗ ቀሪዎቹ ሁለት መጻሕፍት ላይ ተደግፎ ነበር።

«ከዚያስ? ምን እናደርጋለን?» አለች አንዷ ተለማማጅ፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች።

«ትጠይቁታላችሁ» አለች ወይዘሮ አንብቡ። የምትናገረው ሌላ ሰው መሰላት። «በቀጥታ። ቃሉን ሳትሸሹ። ስለጠየቃችሁት ሐሳቡ አይመጣበትም፤ ካለበት ግን ብቻውን ተሸክሞት እንዳይቀር ታደርጋላችሁ።»

ይህን ተናግራ እንደጨረሰች ስልኳን አንስታ ለጠጋኙ ደወለች፤ ዝግ ነው። የእናቱ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ባልደረባዋን ኮሪደር ላይ ያዘችው፤ «ሁለቱንም ቁጥሮች ሳታቋርጥ ሞክርልኝ፤ ለሆስፒታልም ደውለህ ተረኛውን ሐኪም አዘጋጅልኝ» ብላ፣ ምን ሆነሽ እስኪላት እንኳ ሳትጠብቅ እግሬ አውጪኝ አለች።

ታክሲው በመንገድ መጨናነቅ ታስሮ ቆመ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ እየዘፈነ ነው፤ «ምነው እመቤቴ፣ ቀጠሮ ነው?» ሲላት «ቶሎ አድርሰኝ» አለችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሷ የፈራችው አንድ ቃል ነበር። ያንን ቃል ላለመስማት ስንት ወር ሙሉ በመጽሐፍ ሸፈነችው! አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አሉ፤ ግን አረም ቢሆን ይነቀላል፣ ይሄ ቢደርስ በምን ይመለሳል? እግዚኦ፣ ለዛሬ ብቻ ማርልኝ አለች፣ ድምፅ አውጥታ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው።

የጠጋኙ ሱቅ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርና ወርዳ ሮጠች። የብረት መዝጊያው ወርዷል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን አንገት እየጠረገ ብቅ አለ።

«ዛሬ አልከፈተም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው መኪና ሲመልስ ነው የከረመው። ስንት ጊዜ ቆሞ የቀረውን ሁሉ ጠገነው እኮ! ለኔም መፍቻዎቹን በሙሉ ሰጠኝ። ምን ላድርጋቸው ብለው፣ ወንበርህ ሲላላ ታጠብቅበታለህ ብሎ ሳቀ» አለና እሱም ሳቀ። «ሐዘኑ ለቀቀው። ተመስገን ነው።»

ሰው ሁሉ የሚያመሰግንበት ነገር ለእሷ መርዶ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ውሃ ላምጣልሽ ሲል ጥላው ታክሲው ውስጥ ገባች።

የቤቱን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። በሩን የከፈተችው እናቱ ፀጉሯ ገና ውሃ እንዳዘለ ነው። ስታያት እጇን ዘረጋች።

«የኔ ልጅ! አንቺ ነሽ እንዴ ስትደውዪ የነበረው? ገላዬን ስታጠብ ነው። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄን መለስሽልኝ! ጠዋት ተላጭቶ፣ ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ክፍሉን ሲያጸዳ ዋለ። አሁን ልተኛበት፣ አትቀስቅሺኝ ብሎኛል።»

«የቱ ነው ክፍሉ፣ እማማ?» አለች። አሮጊቷ ፊቷን አይታ ፈገግታዋን ሰበሰበች፤ በጣቷ ብቻ አሳየቻት።

አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች፣ በመዳፏ። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ሞተ አለች በሆዷ፤ በቃ፣ ሞተ፤ እኔ በደስታ ሸኘሁት። በትከሻዋ ልትገፋው ስትል የእግር ኮቴ ሰማች፤ ቁልፍ ዞረ፤ በሩ ተከፈተ።

ያንኑ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ክፍሉ ማንም የማይኖርበት ይመስላል፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ልብሱ ሁሉ ታጥፎ ወንበር ላይ ተደርድሯል፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«እትዬ! በደህና ነው? መጽሐፍ ቀርቶብኝ ነው እንዴ?» አላት።

መውጫው በር ይኸው ነበር፣ በገዛ እጁ ከፈተላት። አዎ አንዱ ቀርቷል ማለት ትችላለች፤ ይፈልጋሉ፣ ያወራሉ፣ ትንሽ ይስቃሉ። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። «ደክሞህ ነው?»፣ «ከፋህ እንዴ?»፣ «ምን ትላለህ፣ ነገ ብትመጣ?» የሚሉት ልስልስ ቃላት ሁሉ ተሰልፈው መጡላት። ከኋላዋ ደግሞ እናትየው ቆማለች።

«ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አለችው።

ከኋላዋ አሮጊቷ ግድግዳውን ተደገፈች። እሱ ግን አልደነገጠም። አይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«ሦስት መጽሐፍ ሰጡኝ» አለ። «ሦስቱም ጠይቁት ነው የሚሉት። አንዱ ላይ እርስዎ ራስዎ አስምረውበታል። በመጣሁ ቁጥር ዛሬ ይጠይቁኛል እያልኩ ስጠብቅ... ዛሬም በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ እኮ፣ እትዬ። በርታ አሉኝ።»

አለቀሰች፤ ባለሙያ በደንበኛው ፊት እንዲህ አያለቅስም የሚል መጽሐፍም ሳይኖር አይቀርም።

«ፈራሁ» አለችው። «አዎ ካልከኝ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እየተንቀጠቀጥኩ ነው። ግን የትም አልሄድም።»

«አዎ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሰውነቱ ሁሉ ላላና አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። «አዎ። ለዛሬ ነበር። ድካሙ ነው እንጂ... እማ እንዳትሰማ።»

«ያዘጋጀኸውን ነገር ስጠኝ» አለችው። ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሰጣት። ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ዚፑን ዘጋችው። ከዚያ ተረኛው ሐኪም ጋ ደውላ እየመጣን ነው አለች።

እናቱ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ነበር። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ከአልጋው ሥር ጫማውን አወጣች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ተነስ፣ ጫማህን አድርግ። ሦስታችንም ነን የምንሄደው።»

«አልችልም፣ እማ።»

«እኔ አለሁ።»

አሮጊቷ ጉልበቷን እያመማት ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ወይዘሮ አንብቡ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በሩን በሰፊው ከፈተችው። እሱ የእናቱን እርጥብ ፀጉር ከላይ ሲመለከት ቆየ፤ ከዚያ እግሩን ዘረጋላት።