የመሪጌታ ፎንት

የውኃ ባለሙያዋ ቤዛዊት ያን ሐሙስ ከሚንቀራፈፈው ማተሚያ ጋር ግብግብ ገጥማለች። በማግስቱ አርብ የመንደሩ ሰዎች ገበያ ሲወጡ የእጅ ፓምፑን አጠጋገን መመሪያ ልትሰጣቸው ነው። የፊተኛውን መመሪያ ባለሱቅ በርበሬ ጠቅልሎበታል፤ መፍቻውን ሌባ ወስዶታል። ከዞን ደግሞ፣ ፓምፑ አንዴ ከቆመ ተነቅሎ ለሌላ መንደር ይሰጣል ተብሏል።

አዋቂ ነኝ ባዩ ባልደረባዋ ዳግም፣ «ከኮምፒውተር ፎንት ምን አስላከሽ? ማተሚያው አብሮት የተሠራ የራሱ ፎንት አለው፤ እሱን ምረጪ፣ እንደ ጥይት ነው!» አላት። መረጠች። እውነትም እንደ ጥይት ተፋው። ግን ከእንግሊዝኛ በቀር ፊደል አልቆጠረም ኖሮ፣ አማርኛውን ሁሉ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን አደረገው። ከመጨረሻው ገጽ ጋር ቀለሙም አለቀ።

ልታለቅስ ስትል የቤተ ልሔም ደብር ቁም ጸሐፊ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ስለ ቧንቧ ሊጠይቁ ገቡና ወረቀቱን አነሡ።

«ወይ ግሩም! እኛ ብራና ለማስመር ስንት እንለፋለን፤ ይኸ ማሽን የየፊደሉን ቦታ ለክቶ ጨርሶታል። በይ አንብቢልኝ፣ ልሙላው።»

ምን አማራጭ አላት? ከኮምፒውተሩ እያየች አነበበችላቸው። «ጎሚኒ» የሚለው የፓምፑ ላስቲክ ስም ላይ ሲደርሱ ቀይ ቀለም አነሡ።

«የኔታ፣ ቀይ ለቅዱሳን ስም አይደለም እንዴ?»

«ያለ ጎሚኒ ውኃ ጠብ አይልም አላልሽኝም? ይከበር እንጂ!»

ስለ መፍቻው ሌባ ስታማርርላቸውም፣ እንደ መጻሕፍቱ ወግ ከግርጌው ግዝት አከሉበት፦ «ይህን የሰረቀ፣ የፋቀ፣ መፍቻውንም የሸሸገ የተወገዘ ይሁን።»

አርብ ለመንደሩ ሰው ተነበበ። ግዝቱ ላይ ሲደረስ ከኋላ አንዱ ሳል ሊገድለው ደረሰ። እሑድ ማለዳ መፍቻው ፓምፑ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። አጠገቡም ማንም ያልጠየቀው ባልዲ፣ አንድ ሞፈርና እግሯን የታሰረች የሰው ዶሮ ነበሩ።

ወር ሳይሞላ የዞኑ መሐንዲስ ተሻገር ከደብረ ታቦር ሊገመግም መጣ። ፓምፑ ይንፎለፎላል። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አስናቀ መመሪያውን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ፣ ተሳልሞ ሰጠው።

«እንዴት ያለ ፎንት ነው! ከየት ጫንሽው?» አላት ቤዛዊትን።

«አልጫንኩትም፤ ከአገሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው» አለች፣ ሳቋን ውጣ።

ተሻገር ከአስናቀ እስክሪብቶ ተቀብሎ፣ ፓምፑ እንዳይነቀል ጽፎ ፈረመ። ሊሄድ ሲል ከመመሪያው ግርጌ ያለውን ግዝት አነበበ። ቀስ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተና የአስናቀን እስክሪብቶ በሁለት እጁ መለሰለት።