ቀያዮቹ መንጠቆዎች

ልጅቷ የአሣ መንጠቆዎቹን በጥፍር ቀለም ቀይ ስትቀባ እናትየዋ አልከለከለቻትም። ወትሮ ቢሆን «ደሞ ምን ልታመጪ ነው?» ብላ ቤቱን ታናውጠው ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ግን ልጅቷ አንድ ነገር እንዲህ ከልቧ ስትፈልግ ያየቻት ገና አሁን ነው። የፈለገችውም ከአጎቷ ጋር በጀልባ መውጣት ነው። አብሮት ያጠምድ የነበረው ሰው ከተማ ገብቶ ስለቀረ ቦታው ባዶ ሆኗል። እናትየዋ ሐይቁን ትፈራለች፤ ግን ልጇ በር ዘግታ ተኝታ ስትውል ማየቱ ይብስባታል።

አጎትየው፣ የእናትየዋ ታላቅ ወንድም፣ ቀያዮቹን መንጠቆዎች ሲያይ ሳቁን ለቀቀው።

«ምነው፣ አሣውን ልትድሪው ነው?»

«ቀይ የበለጠ ይይዛል አጎቴ። ሳቅ አንተ፣ ታየዋለህ።»

«ቀዩ ከበለጠ መቅዘፊያው ያንቺ ነው። ካልበለጠ ግን ዳር ቁጭ ብለሽ ቅርፊት ትፍቂያለሽ፤ ሁለተኛ ስለ ጀልባ እንዳታነሺብኝ።»

«ይሁን!»

ገመዱን የምታሰናዳው እናትየዋ ናት። አጎትየው ማታ ውሃው ላይ ዘርግቶት ጠዋት የሚሰበስበው ረጅም ገመድ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር መንጠቆ ተንጠልጥሎበታል። እሷ መንጠቆዎቹን ታስራለች፣ ትል ትሰካለች፣ ከዚያ እንዳይተበተብ ሳፋ ውስጥ ዙሪያውን ትጠቀልለዋለች። ያን ቀን ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ያልተቀባ ነበር። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ፣ ሌላውን እንዳይነካካ ብላ ቀያዮቹን በሙሉ በገመዱ አንድ ጫፍ አሰረቻቸው።

በማግስቱ አጎትየው ራሱን እየነቀነቀ ከጀልባው ወረደ።

«ጉድ ነው! ቀዩ ጢም ብሏል፣ ሌላው ጦሙን ነው ያደረው።»

ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እናትየዋ ግን ደስታዋን ሳትጨርስ አንድ ነገር ከነከናት።

«ጋሼ፣ ገመዱን ከየት ጀምረህ ነው የዘረጋኸው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፤ ከሸምበቆው ዳር ወደ መሀል። ምነው?»

«ሸምበቆው ጋ ያደረው የትኛው ጫፍ ነው?»

ትንሽ አሰበ። «ቀዩ።»

እናትየዋ ነገሩ ገባት። ዝም ብትል ልጇ ዛሬውኑ ጀልባ ላይ ናት። ግን አንድ ቀን ቀዩ መሀል ውሃ ላይ ይውልና ባዶውን ይወጣል፤ ያኔ ወንድሟ «አታለላችሁኝ» ብሎ ልጅቷን ዳግመኛ አያስጠጋትም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ቀዩን ሁሉ አንድ ቦታ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አሣውን የጠራው ቀለሙ ይሁን ሸምበቆው በምን ይታወቃል? ይደገም። አሁን አንድ ቀይ፣ አንድ ያልተቀባ እያልኩ አስራለሁ።»

«እማ! አንቺ የማን እናት ነሽ?»

«ያንቺ። ለዚህ እኮ ነው።»

ልጅቷ ቀኑን ሙሉ አኮረፈቻት። እናትየዋ ብቻዋን ተቀምጣ እያፈራረቀች አሰረች። በአንዱም አልተሳሳተችም።

ጠዋት ገመዱ ሲወጣ ቀዩም ያልተቀባውም አልተበላለጡም። እንዲያውም ቀለሙ ጫፉን ስላደነዘዘው ከቀዩ ሾልከው ያመለጡ ሳይኖሩ አልቀሩም። ሸምበቆው አጠገብ ያደረው ግን ቀይ ሆነ አልሆነ አሣ ይዟል።

«በይ እንግዲህ፣ ቢላሽን አንሺ» አለ አጎትየው።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ቅርፊት መፋቅ ጀመረች። እናትየዋ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ጥቂት እንደፋቀች ልጅቷ ቢላዋን አቆመች።

«አጎቴ፣ ለምን ገመዱን በሙሉ በሸምበቆው ዳር ዳር አትዘረጋውም?»

«ብቻዬን? ጀልባው እዚያ ውስጥ ይሰነቀራላ! አንዱ እየገፋ አንዱ ገመድ መልቀቅ አለበት።»

«እኔ እገፋለኋ።»

«ስለ ጀልባ እንዳታነሺ አላልኩም?»

«የተወራረድነው በቀለም ነው። ተሸነፍኩ፣ ይኸው እየፋቅኩ ነው። ይሄ ሌላ ነው።»

አጎትየው ወደ እህቱ ዞረ። «የልጅሽ ምላስ ከመንጠቆ ይስላል። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እናትየዋ ውሃውን አየች፤ ልጇን አየች።

«ትሂድ» አለች።

ማታ ሊወጡ ሲሉ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ራሷ አለበሰቻት፤ ማሰሪያውን ሳበችና ቋጠረችው፣ አላመነችውም፣ ደግማ ቋጠረችው።

«እማ፣ አነቅሽኝ እኮ!»

«ከምትሰምጪ ታነቂ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገብታ ጀልባውን ገፋችው።