የዳንግላው ወፍጮ መርፌ

ደርበው የዳንግላውን የናፍጣ ወፍጮ ከተተከለ ጀምሮ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። ሚስቱ እናትነሽ ከጎኑ ሆና እህል ትጨምራለች። ከሞተሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ መርፌ ያላት ክብ መለኪያ ተሰቅላለች፤ ከሞተሩ ዘንግ በቀጭን የቆዳ ቀበቶ እየተሳበች ሞተሩ ምን ያህል እንደሚፈጥን ታሳያለች። ደርበው ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም። ቆሰበር ላይ ወፍጮ ያንቀሳቅስ የነበረው ጓደኛው አድማሴ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሮጦ ደንጊያው በፈነዳ ጊዜ ነበር የሞተው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ደርበው ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን ቀስ በቀስ ወስዶበታል። ሰው ሲያናግረው ከንፈር እያየ ይመልሳል። እናትነሽ ዝምታው የአድማሴ ሐዘን ይመስላት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ መርፌዋ መውረድ ጀመረች። ደርበው ሞተሩ እህሉ የከበደው መሰለውና ነዳጅ ጨመረ። መርፌዋ ትንሽ ተነስታ ተመልሳ ወረደች። አሁንም ጨመረ።

ለባሏ ተዝካር ዳጉሳ ልታስፈጭ ከገጠር የመጣች ስሜነሽ የምትባል ሴት ዱቄቷን ስትቀበል ድንገት እጇን ሰበሰበች። በአውኝ ቋንቋ "አቃጠለኝ!" ብላ ጮኸች። እናትነሽ እጇን ሰደደች። ዱቄቱ ይፋጃል፤ የማረር ሽታም አለው። ወለሉ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል።

"ደርበው! ሞተሩን አብርደው!"

አልዞረም።

"ኧረ ደርበው!"

ሴቶቹ ጩኸቷን ሰምተው እየተጋፉ ወደ ደጅ ወጡ። እሱ ግን መርፌዋን እያየ እጁን እንደገና ወደ ነዳጅ መጨመሪያው ሰደደ። እናትነሽ ሮጣ ክንዱን ያዘችው።

"ምን ነካሽ? መርፌዋ ወርዳለች እኮ፤ አታይም?" አለ በቁጣ።

እጁን ስባ ከሚወርደው ዱቄት ውስጥ ከተተችው።

ትኩሳቱ እጁን ሲለበልበው ደርበው ነገሩ ገባው። ነዳጁን ዘጋና እናትነሽን እየገፋ ይዟት ወጣ። ሞተሩ እየተንገጫገጨ እስኪቆም ውጭ ጠበቁ። ሲገቡ የላይኛው ደንጊያ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል።

ደርበው ቀጭኑን ቀበቶ በጣቱ ነካው። ዘይት ጠጥቶ ላልቷል። ዘንጉ ሲሽከረከር ቀበቶው እየተንሸራተተ መርፌዋን በልኩ አያዞራትም። ሞተሩ ሲሮጥ እሷ ደክሟል ትለው ነበር።

"ስንት ጊዜ ጠራሁህ" አለች እናትነሽ። "ለምን ዝም አልከኝ?"

ከንፈሯን አይቶ መለሰላት።

"አልሰማሁሽም። ድምፅሽን ከሰማሁ ቆይቷል።"

እናትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። ደጅ ላይ ሴቶቹ የስሜነሽን ያልተፈጨ ዳጉሳ በየቤታቸው በእጅ ሊፈጩላት ይካፈሉ ነበር።

ባለወፍጮው አቶ ሽባባው ወሬውን ሰምተው መጡ። ስንጥቁን ዳሰሱና "ቀበቶው ይለወጣል፤ ደንጊያም እናስመጣለን። ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ሥራህን ቀጥል" አሉት። እናትነሽ ፊት ለፊቱ ቆማ ደገመችለት።

"ቀበቶውስ ይለወጣል፣ ጋሼ። የኔን ጆሮ በምን ይለውጡታል? መርፌዋ ስትሳሳት ሞተሩን የሚሰማ ሰው ያስፈልግዎታል። እኔ ብቆይ ሰው እገድላለሁ።"

አቶ ሽባባው ብዙ አግባቡት። እሺ አላለም።

አዲሱ ሠራተኛ እስኪለምድ ግን አብሮት ቆመ። እህል ከመግባቱ በፊት ቀበቶውን በጨርቅ እንዲያብስ፣ መርፌዋ ስትወርድም ነዳጅ ከመጨመሩ አስቀድሞ ዱቄቱን በእጁ እንዲነካ፣ ሞተሩንም እንዲያዳምጥ አሳየው። ማዳመጥን እንዴት እንደሚያስተምር ቸግሮት የራሱን ጆሮ እያመለከተ ይቆም ነበር።

ከዚያ ባልና ሚስቱ ወደ አዲስ ቅዳም ሄደው የአባቱን መሬት ማረስ ያዙ። ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኘው "ጠጋ ብለህ ንገረኝ፤ አልሰማም" ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይህን ማለት ያሳፍረው ነበር።