የእጅ ጀርባ

ሥራ ቦታ «ፊውዝ» ነው የሚሉት፤ በትንሽ ነገር ቱግ ስለሚል። የኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ማንም አይደርስበትም፤ ፈተና ሲባል ግን ላብ ያጠምቀዋል። የዝርጋታ ደንብ ፈተናውን ሁለቴ ወድቋል። አለቃው ቁርጡን ነግሮታል፦ አሁንም ከወደቀ መሰላሉን አስረክቦ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ፊውዝን የሚያህል ሰው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ጎልቶ አምፖል ማስቆጠር፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በቁም መቅበር ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ አስጠኚው ሆነች። ልብስ ሰፊ ናት። የደንቡን መጽሐፍ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ዘርግታ፣ አንዴ ስፌቷን አንዴ ገጹን እያየች ትጠይቀዋለች። የመታጠቢያ ቤት ሶኬት ከውኃው ምን ያህል ይራቅ? ለምድጃ የትኛው ሽቦ ይበቃል? ሲሳሳት በመቀስ እጀታ ጠረጴዛውን ትመታለች፤ እሱ ቱግ ይላል፤ እሷ ምንም እንዳልሰማች ገጹን ትገልጣለች። እንዲህ እየተነጫነጩ መጽሐፉን አገባደዱት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ቀላል ናት ያለቻትን ጥያቄ ጣል አደረገች፦ መስመሩን ካጠፋህ በኋላ፣ ሽቦውን ከመንካትህ በፊት ምን ታደርጋለህ? ፊውዝ ሳቀ። መጽሐፉ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ፈትሽ እንደሚል ያውቃል።

«እኔማ በእጄ ጀርባ ነካ አደርገዋለሁ» አላት። «በመዳፍሽ ከነካሽው ጨብጠሽው ትቀሪያለሽ። በጀርባው ከሆነ አስፈንጥሮ ይመልስሻል።»

መኪናዋን አቆመችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ።»

ጠዋት እየሸኘች ማታ የምትቀበለው ሰው በዕድል ሲመለስላት እንደኖረ የገባት ያኔ ነው። መጽሐፉን ከደነችው።

«እንግዲያው ብትወድቅ ይሻለኛል» አለችው። «ግምጃ ቤት ቁጭ ብለህ አምፖል ቁጠር። ቢያንስ በሕይወት ትገባልኛለህ።»

ይህ ንግግር ፊውዝን አንገበገበው። ከዚያ ወዲያ አኩርፎ ብቻውን አጠና። እሷም አልለመነችውም፤ ግን ማታ ሲገባ ፊቱን ከማየቷ በፊት እጆቹን ታይ ነበር። እሱም ስታይ ያያታል።

የጽሑፉን ፈተና እንደምንም ተወጣው። በተግባሩ ላይ ፈታኙ አንድ ሶኬት እንዲፈታ አዘዘው። ብሬከሩን አጠፋ፣ ክዳኑን አነሣ፤ እጁም እንደ ልማዱ ጀርባውን አዙሮ ወደ ሽቦው ሄደ። ፈታኙ እስክሪብቶውን አነሣ። ፊውዝ ባለቤቱ ማታ በር ላይ ቆማ እጆቹን ስታይ ትዝ አለችውና እጁን አየር ላይ አቆመው። ቴስተሩን አወጣ። መሥራቱን ኃይል ባለው ሌላ መስመር ላይ አረጋገጠ፣ የጠፋውን ፈተሸ፣ ተመልሶም ቴስተሩን ዳግመኛ ሞከረ። ማለፉ እዚያው ተነገረው።

እየበረረ ቤቱ ደረሰ። አፉን ሳይከፍት ቀደመችው።

«ነካኸው?»

«ልነካው ነበር» አላት፤ መዋሸት አልቻለም። «መለስኩት።»

እጁን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እንባዋንም ስትሰፋው በነበረው የደንበኛ ቀሚስ ጠረገች። ማለፍ አለማለፉን የጠየቀችው ብዙ ቆይታ ነው።